ውሃን በኤሌክትሪክ የፈታ መምህር፤ የማይክል ፋራዴይ የሕይወት ታሪክ

የመምህርነትን ሥራ ከሌላው ሥራ ሁሉ የሚለየው አንድ ነገር ፍሬው ዘግይቶ መታየቱ ነው። ገበሬ የዘራውን በመኸር ያጭዳል፤ ግንበኛም የጀመረውን ቤት ክዳኑን አልብሶ ለባለቤቱ ያስረክባል። መምህር ግን ዛሬ ያስተማረው ሕፃን ነገ ምን ሆኖ እንደሚወጣ ሳያይ ብዙ ጊዜ ዘመኑን ይፈጽማል። ስለዚህ የመምህራን ማኅበር መታሰቢያ መጽሐፍ በሚዘጋጅበት ጊዜ፣ ካለፉት ሰዎች መካከል የትምህርትን ኃይል በገዛ ሕይወቱ ያስመሰከረ የአንድ ሰው ታሪክ ቢተረክ ከቦታው የወጣ አይሆንም። ለዚህም የመረጥሁት እንግሊዛዊውን ሊቅ ማይክል ፋራዴይን ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ካርቱም ለሚያስተምር ኢትዮጵያዊ የፋራዴይ ታሪክ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። ከጣና ወጥቶ የኢትዮጵያን ደጋ ሰንጥቆ የሚወርደው ዓባይና ከደቡብ የሚመጣው ነጭ ዓባይ በዚህች ከተማ፣ መግረን በተባለው ስፍራ ይገናኛሉ። በ1966 ተሠርቶ ያለቀው የሮዜሬስ ግድብ የዓባይን ውሃ ገድቦ፣ በኋላ በተተከሉለት መሣሪያዎች ወደ ኤሌክትሪክ ኃይል ለውጦታል። ያ ኃይል የሚመነጭበት ሥርዓት በፋራዴይ እጅ በ1831 የተገኘ ነው። ውሃ በኤሌክትሪክ ተለይቶ ኦክሲጅንና ሃይድሮጅን በሚሆንበት ጊዜ የሚገዛበትን ሕግ ያወጣም እርሱ ነው። እንግዲህ ከወንዝ ኤሌክትሪክን፣ ከኤሌክትሪክም ትንፋሽን ማውጣት የሚቻልበት መንገድ በሁለቱም ጫፍ የዚህን ሰው አሻራ ይዟል።

የሳይንስ መምህር ሁሉ የሚያውቀው አንድ የተማሪዎች ጥያቄ አለ። ውሃ በውስጡ ኦክሲጅን ካለ፣ በባሕር የሰጠመ ሰው ስለ ምን ትንፋሽ አጥቶ ይሞታል? የቀይ ባሕርንስ ጨዋማ ውሃ ለይተን የምንተነፍሰውን አየር ለማውጣት አንችልምን? ጥያቄው የሕፃን ጥያቄ ይመስላል፤ ነገር ግን እስከ ዛሬ ድረስ ታላላቅ ሊቃውንት የሚደክሙበት ጉዳይ ነው። መልሱን ለማግኘት ወደ አንድ ድኻ አንጥረኛ ቤት መመለስ ያስፈልጋል።

ማይክል ፋራዴይ ሴፕቴምበር 22 ቀን 1791 ከሎንዶን ከተማ በስተደቡብ፣ ኒውንግተን በተባለ መንደር ተወለደ። አባቱ ጄምስ ፋራዴይ ብረት ቀጥቃጭ ሲሆን፣ ጤና ስላልነበረው ቤተሰቡን እንደሚገባ ለመመገብ አልቻለም። እህል በተወደደበት በ1801 ለልጁ ለአንድ ሳምንት የሚበቃው አንድ ዳቦ ይሰጠው እንደነበረ ይነገራል። ትምህርቱም ከማንበብ፣ ከመጻፍና ከጥቂት ሒሳብ አላለፈም። ወላጆቹ ሳንዴማናውያን በተባለ ትንሽ የክርስቲያን ማኅበር ውስጥ ነበሩ፤ ይህ ማኅበር ሀብት ማከማቸትንና በክብር መታበይን የሚነቅፍ ስለነበረ፣ በልጅነቱ ያደረበት የትሕትና ጠባይ እስከ ዕለተ ሞቱ አልተለየውም።

በአሥራ ሦስት ዓመቱ ጆርጅ ሪቦ በተባለ መጽሐፍ ሻጭ ዘንድ ጋዜጣ እያደረሰ መላላክ ጀመረ። በሚከተለው ዓመት፣ ማለት በ1805፣ የመጽሐፍ ጥረዛ ሙያ ለመማር ለሰባት ዓመት ውል ገባ። ሌላው ልጅ መጽሐፉን ጠርዞ ለባለቤቱ ሲመልስ፣ ፋራዴይ ግን ከመጠረዙ በፊት ያነበው ነበር። ከነዚህም መካከል በአንድ ታላቅ መዝገበ ዕውቀት ውስጥ ስለ ኤሌክትሪክ የተጻፈው ክፍልና ጄን ማርሴት የተባለች ሴት ኬሚስትሪን በጥያቄና መልስ ያስረዳችበት መጽሐፍ ልቡን ማረኩት። ጄን ማርሴት መጽሐፏን ያዘጋጀችው ለጀማሪዎች ነበር። ለጀማሪ ተብሎ በቀላል ቋንቋ የተጻፈ መጽሐፍ ዓለምን የለወጠ ሊቅ ለማፍራት መብቃቱን የመማሪያ መጻሕፍት አዘጋጆች ሁሉ ልብ ሊሉት ይገባል።

ወጣቱ በማንበብ ብቻ አልተወሰነም። ታላቅ ወንድሙ በሚሰጠው ሽልንግ እየከፈለ የማታ ንግግሮችን ይሰማ ጀመር። በ1812 ሰባት የመዳብ ሳንቲሞችንና እነርሱን የሚያህሉ ሰባት የዚንክ ቁራጮችን ወስዶ፣ በመካከላቸው በጨው ውሃ የራሰ ወረቀት እያኖረ ደረደራቸው። በዚህ ትንሽ ክምር በሚመነጨው ኤሌክትሪክ አንድ የማግኒዚየም ጨው ሟሙቶበት የነበረውን ውሃ ለመለየት ቻለ። የእርሱ የኤሌክትሪክና የኬሚስትሪ ጉዞ የተጀመረው እንግዲህ በጥቂት ሳንቲም፣ በወረቀትና በጨው ውሃ ነው። ይህንም ያደረገው በሙከራ ቤት ሳይሆን ከሥራ ሲመለስ በመኖሪያው ነበር።

ፋራዴይ ይህን ሲሠራ ከእርሱ የቀደሙት ሊቃውንት መንገዱን በከፊል ጠርገውት ነበር። በ1774 ጆሴፍ ፕሪስትሊ ቀይ የሜርኩሪ ዱቄትን በፀሐይ ጨረር አሙቆ፣ መብራትን አብዝቶ የሚያነድድ አየር አወጣ። በስዊድንም ካርል ሼሌ ይህንኑ አየር ከእርሱ ቀድሞ አግኝቶት ነበር፤ ነገር ግን መጽሐፉ ዘግይቶ ታተመ። ፈረንሳዊው አንትዋን ላቩዋዚዬ ኦክሲጅን የሚል ስም ሰጠው፤ መተንፈስና መቃጠል በዚህ አየር አማካይነት የሚሆኑ ነገሮች መሆናቸውንም አስረዳ። ኢጣሊያዊው አሌሳንድሮ ቮልታ የኤሌክትሪክ ክምሩን ባስታወቀበት በ1800፣ ኒኮልሰንና ካርላይል የተባሉ ሁለት እንግሊዞች በዚያው ክምር ውሃን ኦክሲጅንና ሃይድሮጅን አድርገው ለዩት። ይሁን እንጂ ምን ያህል ኤሌክትሪክ ምን ያህል ውሃ እንደሚለይ የሚያውቅ ሰው ገና አልነበረም።

በ1812 ከሪቦ ደንበኞች አንዱ ለፋራዴይ ወደ ሮያል ኢንስቲትዩሽን የሚያስገባ ወረቀት ሰጠው። በዚያ በጊዜው እጅግ ዝነኛ የነበረው ሰር ሀምፍሪ ዴቪ ያስተምር ነበር። ፋራዴይ አራት ንግግሮችን ሰምቶ፣ የሰማውን በጥንቃቄ ጽፎ፣ ሥዕል ጨምሮበትና በገዛ እጁ ጠርዞ ለዴቪ ላከለት፤ ሥራም ለመነው። ማርች 1 ቀን 1813 በሳምንት ሃያ አምስት ሽልንግና በሕንፃው ላይኛ ፎቅ መኖሪያ ተሰጥቶት የሙከራ ቤቱ ረዳት ሆኖ ተቀጠረ። በዚያው ዓመት ከዴቪ ጋር ወደ ኤውሮፓ ሄዶ፣ በፈረንሳይ አምፔርን፣ በኢጣሊያም ሽማግሌውን ቮልታን አየ። በመንገድ የዴቪ ሚስት እንደ ቤት አሽከር ስለቈጠረችው ብዙ ተከፍቷል፤ ነገር ግን ከዕውቀት የሚያገኘውን በማሰብ ታገሠ።

እዚህ ላይ ስለ ዴቪ አንድ ነገር መናገር ለእኛ ለመምህራን አስፈላጊ ነው። ዴቪ ፋራዴይን ከድህነት ቤት አንሥቶ ለሳይንስ ያበቃ ሰው ነው። ነገር ግን ደቀ መዝሙሩ ማደግ ሲጀምር ልቡ ጠበበ። በ1821 ፋራዴይ የኤሌክትሪክ ሽቦ በማግኔት ዙሪያ እንዲዞር ባደረገ ጊዜ፣ ዋላስተን የተባለውን ሊቅ ሐሳብ ወስዷል ተብሎ ታማ። በ1824 የሮያል ሶሳይቲ አባል እንዲሆን በተጠየቀ ጊዜም የማኅበሩ ፕሬዚዳንት የነበረው ዴቪ ተቃወመው፤ ሆኖም ፋራዴይ ተመረጠ። ከዚያ በኋላ ግን የተደረገለትን በጎ ነገር እንጂ የደረሰበትን በደል ሲያነሣ አልተገኘም። አንድ መምህር ደቀ መዝሙሩ ሲበልጠው ደስ ካላለው፣ የሠራውን መልካም ሥራ በገዛ እጁ ያበላሸዋል።

ፋራዴይ በ1821 ሣራ ባርናርድን አግብቶ በፍቅር ኖረ፤ ልጅ ግን አልወለዱም። በ1823 ክሎሪን የተባለውን መርዛም አየር በታሸገ የመስታወት ቧንቧ ውስጥ አስጨንቆ ፈሳሽ አደረገው። እንደዚህ ያለው ሙከራ አደጋ የበዛበት ነበር፤ አንድ ጊዜ ቧንቧው ፈንድቶ የመስታወት ስብርባሪ ዓይኑን አቁስሎታል። ይህን ክሎሪን በኋላ ስለ ጨው ውሃ ስንናገር እናገኘዋለን። በ1825 የሙከራ ቤቱ ኃላፊ ሆነ፤ በዚያው ዓመት ቤንዚን የተባለውን የኬሚስትሪ ንጥር አገኘ። ኦገስት 29 ቀን 1831 ደግሞ በብረት ቀለበት ላይ ሽቦዎችን ጠምጥሞ፣ ማግኔት ኤሌክትሪክን ሊያስገኝ እንደሚችል አስመሰከረ። ዛሬ በግድብ ላይ የሚዞሩት የኤሌክትሪክ ማመንጫዎች ሁሉ የዚያች ቀን ልጆች ናቸው።

ከዚህ በኋላ ወደ ውሃ ተመለሰ። ከ1832 እስከ 1834 ባሉት ዓመታት ኤሌክትሪክ የተለያዩ ፈሳሾችን እንዴት እንደሚለይ በትዕግሥት መረመረ። የሚወጣውን አየር የሚሰፍር የመስታወት መሣሪያ ሠርቶ፣ በስፍሩ መጠን ያለፈውን ኤሌክትሪክ ማወቅ እንደሚቻል አሳየ። የደረሰበትም ሕግ ይህ ነው፤ የሚለየው ነገር ብዛት በፈሳሹ ውስጥ ካለፈው ኤሌክትሪክ ብዛት ጋር የተስተካከለ ነው፤ ልዩ ልዩ ነገሮችም በአንድ ዓይነት የኤሌክትሪክ መጠን የሚለዩት በኬሚካዊ ሚዛናቸው ልክ ነው። ዛሬ በምንጠቀምበት መለኪያ ብንናገር፣ 96,485 ኩሎም ኤሌክትሪክ 9 ግራም ውሃን ለይቶ 8 ግራም ኦክሲጅንና 1 ግራም ሃይድሮጅን ያወጣል። ይህ ቍጥር እስከ ዛሬ በፋራዴይ ስም ይጠራል።

ለአዲሱ ዕውቀት አዲስ ቃል አስፈለገ። ፋራዴይ ግሪክኛ ስለማያውቅ በካምብሪጅ የነበረውን ሊቅ ዊሊያም ሂወልን ጠየቀ። አኖድ፣ ካቶድና አዮን የሚባሉት ቃላት ከዚህ ምክክር የወጡ ሲሆን፣ በ1834 ከኤሌክትሮድና ከኤሌክትሮላይት ጋር በታተመ ጽሑፍ ተገለጹ። በዚያን ጊዜ ስሙ በኤውሮፓ የታወቀ ሊቅ ሆኖ ሳለ የማያውቀውን መጠየቅ አላሳፈረውም። እኛም ዛሬ የሳይንስን ቃላት ወደ አማርኛ ስናመጣ ቋንቋ ዐዋቂና ሳይንስ ዐዋቂ ቢመካከሩ የሚገኘውን ጥቅም ከዚህ ለመገንዘብ እንችላለን።

በዚሁ ሥራ መካከል አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር ገጠመው። ከውሃ የወጡትን ሁለቱን አየሮች በአንድ ቧንቧ ውስጥ ሰብስቦ ኤሌክትሪኩን ካቆመ በኋላ፣ አየሩ ቀስ በቀስ እየቀነሰ ሄደ። ሌላ ሰው ቢሆን ቧንቧው አፍስሷል ብሎ ይተወው ነበር። ፋራዴይ ግን ምክንያቱን ፈለገ፤ በውስጡ የነበረው የፕላቲነም ብረት ገጹ ንጹሕ በሆነ ጊዜ ኦክሲጅንና ሃይድሮጅንን መልሶ አገናኝቶ ውሃ እንደሚያደርጋቸው አገኘ። ፕላቲነሙ ራሱ አይጎድልም፤ አይለወጥም። ራሱ ሳይጠፋ ሌላውን የሚያነሣሣ እንዲህ ያለ ነገር በ1835 ስዊድናዊው በርዚልየስ ባወጣው ቃል መነሻነት ካታሊስት ይባላል፤ በአማርኛ አፋጣኝ ብንለው ይስማማል። የኬሚስትሪን ሥራ የሚያቀላጥፈው አፋጣኝ ውሃን ለመለየትም ሆነ የተለየውን ለማገናኘት ዋና መሣሪያ ሆኗል።

አሁን ወደ ተማሪዎቹ ጥያቄ እንመለስ። የሰጠመው ሰው የሚሞተው በውሃ ውስጥ ያለው ኦክሲጅን ከሃይድሮጅን ጋር በጽኑ የተሣሠረ ስለሆነ ነው። ዓሣም ቢሆን የሚተነፍሰው በውሃው ውስጥ የሟሟውን ጥቂት አየር እንጂ የውሃውን የራሱን ኦክሲጅን አይደለም። ያን እሥራት የሚፈታው ኤሌክትሪክ ነው። አንድ ጎልማሳ በቀን 840 ግራም ያህል ኦክሲጅን ይፈልጋል፤ አንድ ሊትር ውሃ ደግሞ ቢለይ 889 ግራም ያህል ኦክሲጅን ይወጣዋል። እንግዲህ የአንድ ሰው የአንድ ቀን ትንፋሽ ከአንድ ሊትር ባነሰ ውሃ ውስጥ ይገኛል ማለት ነው። በፋራዴይ ሕግ ብናሰላው፣ ይህን ለመለየት አሥር ሚሊዮን ኩሎም ያህል ኤሌክትሪክ ያስፈልጋል፤ መሣሪያው በ2 ቮልት ቢሠራ ወጪው አምስት ኪሎዋት ሰዓት ተኩል ያህል ይሆናል። ይህ ለከፍተኛ ክፍል ተማሪዎች መልካም የሒሳብ ጥያቄ ነው።

ነገር ግን ጨው ሲጨመር ጉዳዩ ይለወጣል። በቀይ ባሕር ውሃ ውስጥ በአንድ ኪሎ 40 ግራም ያህል ጨው ይገኛል። ውሃው ኤሌክትሪክ እንዲያሳልፍ የሚያስችለው ይህ ጨው ነው። ሆኖም በአኖድ ዘንድ ኦክሲጅን ብቻ ሳይሆን ክሎሪንም ይወጣል፤ ጨው የበዛበት ውሃ ከሆነማ የሚወጣው በአብዛኛው ክሎሪን ነው። በሚጠይቁት የኤሌክትሪክ ግፊት ብቻ ቢሆን ኦክሲጅን በ1.23 ቮልት፣ ክሎሪን በ1.36 ቮልት ስለሚወጡ ኦክሲጅን መቅደም ነበረበት። ይሁን እንጂ የኦክሲጅን አወጣጥ ብዙ ደረጃ ያለውና አዝጋሚ ስለሆነ፣ ክሎሪን በፍጥነቱ ይቀድመዋል። ስለዚህ የአፋጣኙ ሥራ ኦክሲጅንን ማፍጠን ብቻ ሳይሆን ክሎሪንን ወደ ኋላ ማስቀረትም ጭምር ነው።

በዚህ መንገድ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ጥሩ እርምጃ ታይቷል። በ2019 በአሜሪካ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኒኬልና ብረት ያለበት ድርብርብ አኖድ ሠርተው የባሕርን ውሃ ለረጅም ጊዜ ለመለየት ቻሉ። በ2020 ደግሞ በሴንት ሉዊስ የሚገኘው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሰዎች በማርስ ላይ ሊኖር ይችላል የሚባለውን ዓይነት እጅግ ቀዝቃዛና ጨዋማ ውሃ አዘጋጅተው፣ እርሳስና ሩቴኒየም ባለበት አኖድና ፕላቲነም ባለበት ካቶድ ኦክሲጅንና ሃይድሮጅን አውጥተውበታል። ይሁንና ዛሬ በሥራ ላይ ያሉት መሣሪያዎች በአብዛኛው ጨውን ሽሽት ናቸው። የባሕር ሰርጓጅ መርከቦች ለሠራተኞቻቸው ኦክሲጅን የሚያወጡት አስቀድመው ውሃውን ከጨው አጥርተው ነው፤ በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያም የሚለየው የተጣራ ውሃ ነው። የሆስፒታል ኦክሲጅንም ቢሆን ብዙውን ጊዜ ከአየር ተለይቶ ይወጣል እንጂ ከውሃ አይደለም። መምህር ለተማሪዎቹ ተስፋውን ሲነግራቸው ገደቡንም አብሮ መንገር ይኖርበታል።

ክሎሪን ራሱ ሁለት ፊት ያለው ነገር ነው። በ1915 በቤልጂግ አገር በኢፕር የጦር ሜዳ ብዙ ወታደሮች የተገደሉት በእርሱ ነው። በመጠኑ ሲደረግ ግን የመጠጥ ውሃን ከበሽታ ያጸዳል። ፋራዴይ በ1855 በቴምዝ ወንዝ ላይ በጀልባ ሲሄድ የውሃውን ቆሻሻነት አይቶ፣ የነጭ ወረቀት ቁራጮችን አርጥቦ ወደ ውሃው ጣለ፤ ገና ጥቂት እንደሰመጡም ከዓይን ተሰወሩ። ይህንኑ ለጋዜጣ ጽፎ ባለ ሥልጣኖቹን ወቀሰ። የሎንዶን ሕዝብ በኮሌራ ያለቀበት ወረርሽኝ ከዚያ አንድ ዓመት አስቀድሞ የሆነ ነበር። በካርቱምም በሜይ 2025 የኤሌክትሪክ ጣቢያዎች በጦርነቱ ተመትተው የውሃ ማጣሪያዎች ሥራ በፈቱ ጊዜ፣ ሕዝቡ ያልተጣራ ውሃ ለመጠጣት ተገድዶ ኮሌራ በብርቱ ተስፋፋ። ኤሌክትሪክ ሲጠፋ መብራት ብቻ እንደማይጠፋ፣ ንጹሕ ውሃና የበሽተኛ ትንፋሽም አብረው እንደሚጠፉ የዚህች ከተማ ሰዎች በመከራ አይተውታል።

ፋራዴይ ሊቅ ብቻ ሳይሆን መምህርም ነበር፤ የመምህርነትንም ጥበብ እንደ ሌላው ሳይንስ አጥንቶ ነው የያዘው። ገና በሃያ አንድ ዓመቱ የሌሎችን አስተማሪዎች አነጋገር፣ አቋምና የሙከራ አቀራረብ እየመረመረ ለወዳጁ ለቤንጃሚን አቦት ደብዳቤ ይጽፍ ነበር። የአዳራሹ አየር ንጹሕ እንዲሆን፣ ንግግሩ ከአንድ ሰዓት እንዳያልፍ፣ የሚታየውም ነገር ከኋላ ለተቀመጠው ሰው እንዲታይ ያስብ ነበር። የአነጋገር ትምህርት ከሚሰጥ ሰው ዘንድ ገንዘብ ከፍሎ ተምሯል። ሲናገር እንዳይቸኩል የሚያስታውስ ጽሑፍ በፊቱ ይደረግለት ነበር። አንድ ድንጋይ ከእጅ ሲለቀቅ እንደሚወድቅ ለመናገር ቢፈልግ እንኳ ድንጋዩን ለቆ ማሳየትን ይመርጥ ነበር ይባላል።

በ1826 የዓርብ ማታ ንግግሮችን ጀመረ፤ ለወጣቶች የሚደረገውንም የገና በዓል ትምህርት ከ1827 እስከ 1860 ባሉት ዓመታት ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ አስተማረ። ከነዚህ መካከል ስለ አንድ ሻማ አነዳድ የሰጠው ትምህርት በመጽሐፍ ታትሞ በብዙ ቋንቋዎች ተተርጉሟል። ከአንድ ተራ ሻማ ተነሥቶ ስለ ኦክሲጅን፣ ስለ ውሃና ስለ ሰው መተንፈስ ለማስተማር ችሏል። ከ1830 እስከ 1851 በዉሊች የጦር ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ አስተምሯል። በ1862 መንግሥት ስለ ትምህርት ቤቶች እንዲመረምር ያቆመው ጉባኤ በጠየቀው ጊዜም፣ በታላላቅ ትምህርት ቤቶች ልጆች የተፈጥሮን ዕውቀት ሳይማሩ መቅረታቸው እንዳስገረመው ገልጦ፣ ሳይንስ በሚገባ ለሠለጠነ መምህር እንዲሰጥ መክሯል።

የሰውን ታሪክ የሚጽፍ ሰው ጉድለቱንም መሸፈን የለበትም። ፋራዴይ በሺህ የሚቈጠሩ ሰዎችን ያስተማረ ሆኖ ሳለ፣ በምርምር ሥራው ግን እርሱን የሚተካ ደቀ መዝሙር አላሠለጠነም። በሙከራ ቤቱ ለብዙ ዓመታት የረዳው አንደርሰን የተባለ የቀድሞ የጦር ባለ ማዕርግ ብቻ ነበር። ሒሳብም ስላልተማረ፣ ስለ ኤሌክትሪክና ስለ ማግኔት የነበረውን ጥልቅ ሐሳብ በሒሳብ ቋንቋ የጻፈለት ከእርሱ በኋላ የተነሣው ጄምስ ክላርክ ማክስዌል ነው። ዕውቀት በአንድ ሰው ራስ ውስጥ ቢከማችና ተተኪ ካልተዘጋጀለት፣ እድል ካልረዳው በቀር ከሰውየው ጋር ይቀበራል። በሱዳን በነጭ ዓባይ ዳር በ1934 የተቋቋመው የባኽት ኤር ሩዳ የመምህራን ማሠልጠኛ የተመሠረተው ይህን ጉድለት ለመሙላት እንደነበረ መናገር ይቻላል፤ አንድ ጎበዝ መምህር ከማግኘት ይልቅ መምህራንን የሚያፈራ ቤት ማቆም ይበልጣልና።

ፋራዴይ ከብዙ ድካም የተነሣ ከ1839 ገደማ ጀምሮ ጤናው ታወከ፤ የማስታወስ ኃይሉም ደከመ። ሆኖም በ1845 ማግኔት በብርሃን ላይ ኃይል እንዳለው አገኘ፤ ጥቂት ዓመታት ቆይቶም ኦክሲጅን በማግኔት የሚሳብ አየር መሆኑን አስረዳ። የመብራት ማማዎችን የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት አማካሪ ሆኖ፣ የመብራቱን ጭስ ወደ ውጭ የሚያወጣ ማስተንፈሻ ሠራ። የሰርነት ማዕርግ ቢሰጠው አልቀበልም አለ፤ የሮያል ሶሳይቲ ፕሬዚዳንት እንዲሆን ሁለት ጊዜ ቢለመንም እምቢ ብሎ እንደ ተራ ሰው መኖርን መረጠ። በ1858 ንግሥት ቪክቶሪያ በሰጠችው በሃምፕተን ኮርት በሚገኝ ቤት ሲኖር ቆይቶ፣ ኦገስት 25 ቀን 1867 በወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ በሰባ አምስት ዓመቱ ዐረፈ። በሃይጌት መካነ መቃብርም ያለ ብዙ ሥርዓት ተቀበረ።

ከዚህ ሕይወት ለሥራ የሚሆን አንድ ነገር ወስደን ብንለያይ መልካም ይሆናል። ውሃን በኤሌክትሪክ መለየት ውድ የሙከራ ቤት አይፈልግም፤ አንድ ባለ 9 ቮልት ባትሪ፣ ከሁለት እርሳስ የወጡ የካርቦን ዘንጎች፣ አንድ የመስታወት ዕቃና ሁለት ትንንሽ ቧንቧዎች ይበቃሉ። በውሃው ውስጥ ግን የገበታ ጨው መጨመር አይገባም፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ክሎሪን ወጥቶ የልጆችን ሳንባ ይጐዳል። በምትኩ ለዳቦ የሚሆነው ቤኪንግ ሶዳ ይጨመር፤ መስኮቱም ይከፈት። በካቶድ በኩል የሚሰበሰበው ሃይድሮጅን ከኦክሲጅኑ እጥፍ ገደማ ይሆናል። ከኦክሲጅኑ ጥቂቱ ከካርቦኑ ጋር ስለሚዋሐድ ልኩ በትክክል ላይመጣ ይችላል፤ መምህሩም ይህን ሳይደብቅ ለተማሪዎቹ ምክንያቱን እንዲፈልጉ ቢተውላቸው፣ ፋራዴይ የሚቀንሰውን አየር በተከታተለበት መንገድ መራቸው ማለት ነው። በመጨረሻም ነበልባሉ ጠፍቶ ፍሙ የቀረ ስንጥር ኦክሲጅን በተሰበሰበበት ቧንቧ አፍ ይግባ፤ ፍሙ ሲደምቅ ልጆቹ ከውሃ የወጣውን ትንፋሽ በዓይናቸው ያያሉ።

በጦርነት ምክንያት ከካርቱም የተበተኑት ልጆች በየደረሱበት ቦታ ትምህርታቸውን ለመቀጠል የሚደክሙ ናቸው። ብዙዎቹ እንደ አንጥረኛው ልጅ መጽሐፍና መሣሪያ የሚያጡ፣ ዳቦም የሚጐድልባቸው ናቸው። ከነርሱ መካከል የጨው ውሃን እንቆቅልሽ ሙሉ በሙሉ የሚፈታው ማን እንደሆነ ማንም አስቀድሞ አያውቅም፤ ስለዚህ ባትሪውንና ሁለቱን እርሳሶች ለሁሉም ማሳየት የእኛ የመምህራን ግዴታ ነው።